ስስ አየርና የጋለ ኮምፒዩተር

በላሊበላ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በዚህች ከተማ በድስት የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ባቄላውና ሽምብራው ቆላ ላይ ከሚፈጅበት ጊዜ ይበልጥ እሳት ላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ነገሩን በፊዚክስ ቋንቋ ባያብራሩትም ውጤቱን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ እንጨቱንም ጊዜውንም በዚያው ልክ ይመጥናሉ።

ድስቱን የሚያዘገየው ይኸው የአየር መሳሳት በሌላ ዕቃ ላይ ተቃራኒ የሚመስል ሥራ ይሠራል። ድስቱ ሙቀት ሲያንሰው ኮምፒዩተሩ ሙቀት ይበዛበታል።

እንበልና አንድ የላሊበላ ወጣት ለብዙ ወራት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የኮምፒዩተር ክፍሎችን ከአዲስ አበባ አንድ በአንድ አስመጣ። ዓላማው ከባድ የቪዲዮ ጨዋታዎችን የሚያጫውት፣ ለሥዕልና ለፊልም ቅንብርም የሚያገለግል ኮምፒዩተር በገዛ እጁ መገጣጠም ነው። ያነበበው መመሪያ ለሳጥኑ ሁለት ማራገቢያዎች እንደሚበቁ ይናገራል። ወጣቱ ግን «አገሩ ደጋ ነው፤ እዚህ ምን ያሞቀዋል?» ብሎ በአንድ ማራገቢያ ብቻ ረካ። ጨዋታው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሥዕሉ ይንቀረፈፍ፣ ማራገቢያውም ይጮህ ጀመር። ሳጥኑን በእጁ ቢነካው ይፋጃል። የወጣቱ ግምት በከፊል ትክክል፣ በከፊል ደግሞ ስሕተት ነበር። የቱ ላይ እንደተሳሳተና የቱ ላይ ልክ እንደነበረ በቁጥር ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኮምፒዩተር ከሶኬት የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው። 350 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር 350 ዋት ሙቀት ወደ ክፍሉ ይለቃል ማለት ነው፤ ይህም የአንድ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሶ ያህል ነው። ልዩነቱ ምድጃው ሙቀቱን በሰፊ ገጽ ላይ ሲያሰራጭ፣ በኮምፒዩተር ውስጥ ግን የሙቀቱ አብዛኛው ክፍል የሚመነጨው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይሰፉ ሁለት የሲሊከን ቁራጮች መሆኑ ነው። አንደኛው ፕሮሰሰሩ፣ ሁለተኛው የግራፊክስ ካርዱ ዋና ቺፕ ነው።

በእነዚህ ቁራጮች ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች በሴኮንድ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። በበሩና በጠፉ ቁጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የፔንቲየም ፕሮሰሰር የሚወስደው 15 ዋት ግድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 የተባለው የግራፊክስ ካርድ ግን ብቻውን እስከ 450 ዋት ይወስዳል። በተከታዩ ዓመት የወጣውና በዋጋው ቀለል ያለው አርቲኤክስ 4060 ደግሞ 115 ዋት ይበቃዋል። በመሆኑም አንድ ሰው ስለ ማቀዝቀዣ ማሰብ የሚገባው ማራገቢያ ሲገዛ ሳይሆን ካርዱን ሲመርጥ ነው።

ሙቀቱ በጊዜው ካልተወሰደ ምን ይሆናል? የዛሬ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ይጠብቃሉ። የውስጥ ሙቀታቸው ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ይህ ካልበቃም ኮምፒዩተሩን ያጠፉታል። ወጣታችን ያየው የሥዕል መንቀርፈፍ ይኸው ራስን የመከላከል ሥራ ነበር። ስለዚህ ሙቀት መጀመሪያ የሚወስደው ባለቤቱ ገንዘቡን የከፈለበትን ፍጥነት ነው። ቆይቶ ደግሞ ዕድሜን ይወስዳል። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ የሚገኙት ኤሌክትሮላይት ያለባቸው ካፓሲተሮች የሙቀታቸው መጠን በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ግድም እንደሚያጥር መሐንዲሶች በግምት ሕግነት ይጠቀሙበታል።

የሙቀቱ ጉዞ እንደ ቅብብል ሩጫ ነው። ከሲሊከኑ ተነሥቶ በማጣበቂያ ቅባቱ በኩል ወደ መዳቡ፣ ከመዳቡ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ወዳሉት ሂትሲንክ፣ ከክንፎቹም ወደ አየሩ ይተላለፋል። ሲሊከኑም፣ ቅባቱም፣ መዳቡም በጅቡቲም ሆነ በላሊበላ ሥራቸው ያው ነው። ከቦታ ቦታ የሚለወጠው የመጨረሻው ተቀባይ፣ ማለትም አየሩ ብቻ ነው።

አየር ሲመዘን

አየር ክብደት እንዳለውና ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እየሳሳ እንደሚሄድ በተራራ ላይ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎረን ፔሪዬን የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም ወደተባለው ተራራ ላከው። ፔሪዬ ከተራራው ጫፍ ሲደርስ የሜርኩሪው ቁመት ከግርጌው ከነበረው ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ አገኘው። የተራራው ከፍታ ከ1,500 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር።

ፔሪዬ ላስታን ቢያይ ኖሮ ልዩነቱ ይበልጥ ይደንቀው ነበር። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት በአማካይ 1,013 ሄክቶፓስካል ነው። በላሊበላ ከተማ 755 ግድም ይሆናል። ከከተማይቱ በላይ ከ4,200 ሜትር አልፎ በሚወጣው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ላይ ደግሞ ከ600 ብዙም አይርቅም። የግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ስልክ የያዘ ተማሪ ይህን የፓስካል ሙከራ ተራራውን በመውጣት ራሱ ሊደግመው ይችላል።

ግፊቱ ሲቀንስ የአየሩም እፍግታ ይቀንሳል። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎግራም ይመዝናል። በላሊበላ ግን 0.9 ኪሎግራም ብቻ ነው። በአጭሩ የላሊበላ አየር የባሕር ዳርቻው አየር ሦስት አራተኛ ነው።

ይህን እውነት ከኮምፒዩተር ባለቤቶች በፊት አውሮፕላን አብራሪዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዋና ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ይረዝማል። አየሩ ስስ በመሆኑ የአውሮፕላኑ ክንፍ ለመነሣት የሚበቃውን ኃይል የሚያገኘው በበለጠ ፍጥነት ሲሮጥ ነው፤ ለዚያም ረዘም ያለ መንገድ ያስፈልገዋል። የኮምፒዩተር ማራገቢያም ክንፎች አሉት፤ እነርሱም የሚቀዝፉት ይህንኑ ስስ አየር ነው።

የቁናው ምሳሌ

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ ኪሎግራም አየር በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 1,000 ጁል ያህል ሙቀት መውሰድ አለበት። ኮምፒዩተራችን 350 ዋት ያመነጫል፤ በሌላ አነጋገር በየሴኮንዱ 350 ጁል ሙቀት ይለቃል። ከሳጥኑ የሚወጣው አየር ከሚገባው በ10 ዲግሪ ብቻ በልጦ እንዲሞቅ ብንፈቅድ በየሴኮንዱ 35 ግራም አየር በሳጥኑ ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ ስሌቱ የሚጠይቀው አየር በግራም የሚቆጠር መሆኑን ነው። ማራገቢያ ግን የሚሠራው በሊትር ነው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት እስከዞረ ድረስ በባሕር ዳርቻም በተራራ ላይም በሴኮንድ የሚያሳልፈው የአየር ይዘት በሊትር ሲለካ እኩል ነው። በቁና የሚሰፍርን ሰው እናስብ። ቁናው በጤፍ ቢሞላም ቁና ነው፤ በገለባ ቢሞላም ያው ቁና ነው። ሰፋሪው በሁለቱም ጊዜ አሥር ቁና ሰፍሬአለሁ ቢል አልዋሸም። ሸክሙ ግን አንድ አይደለም። የላሊበላ ማራገቢያ ቁናው ሳይጎድል የሚሰፍረው ነገር የቀለለበት ሰፋሪ ነው።

35 ግራም አየር በባሕር ጠለል 29 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። በላሊበላ ግን 39 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ለተመሳሳይ ኮምፒዩተር፣ ለተመሳሳይ ውጤት፣ የላሊበላው ሳጥን በየሴኮንዱ 10 ሊትር ተጨማሪ አየር ማሳለፍ ይጠበቅበታል። ይህ ካልሆነና ማራገቢያው በቀድሞ ፍጥነቱ ብቻ ከዞረ የአየሩ ሙቀት የሚጨምረው በ10 ዲግሪ ሳይሆን ከ13 ዲግሪ በላይ ይሆናል።

በማራገቢያ ቁጥር እንተርጉመው። ስፋቱ 12 ሴንቲሜትር የሆነ የተለመደ ማራገቢያ በሴኮንድ 25 ሊትር ያሳልፋል ተብሎ ቢጻፍበት፣ ያ ቁጥር የተለካው ከፊቱም ከኋላውም ምንም በሌለበት ነው። በወንፊት ማጣሪያና በታጨቀ ሳጥን በኩል ሲሠራ ከተጻፈለት ግማሹን ብቻ ቢሰጥ ሊያስደንቀን አይገባም። በዚህ ግምት በባሕር ዳርቻ ከሁለት ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ሲበቃ በላሊበላ ሦስት ማራገቢያዎች ያስፈልጋሉ። የመመሪያው ጸሐፊ ሁለት ይበቃሉ ሲል አልተሳሳተም፤ የጻፈው ግን ለራሱ አገር አየር ነበር።

አንድ ማራገቢያ ብቻ አስገብቶ በኃይል ማሽከርከርስ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ዋጋ ግን አለው። የማራገቢያን ፍጥነት በሲሶ ብንጨምር የሚያሳልፈው አየር በሲሶ ሲጨምር፣ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ግድም ከፍ ይላል፤ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ደግሞ ከእጥፍ ይበልጣል። ስለሆነም ብዙ ወይም ሰፋ ያሉ ማራገቢያዎችን በዝግታ ማዞር አንዱን ትንሽ ማራገቢያ ከማስጮህ ይሻላል።

ደጋው የሚክሰው

እስካሁን ያየነው ወጣቱ የተሳሳተበትን ነው። አሁን ደግሞ ልክ የነበረበትን እንይ። ፕሮሰሰር የሚደርስበት የሙቀት መጠን የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ አንዱ የክፍሉ ሙቀት፣ ሌላው ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ በላይ የሚሞቅበት ልክ ነው። ስስ አየር የሚያበዛው ሁለተኛውን ነው። የደጋው ብርድ ደግሞ የመጀመሪያውን ይቀንሳል።

ለምሳሌ አንድ ፕሮሰሰር በባሕር ዳርቻ ከክፍሉ በ45 ዲግሪ በልጦ የሚሞቅ ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 20ው ዲግሪ በሲሊከኑ፣ በቅባቱና በመዳቡ ውስጥ የሚፈጠር ልዩነት ቢሆን ከፍታው አይነካውም። ቀሪው 25 ዲግሪ ሙቀቱ ከክንፎቹ ወደ አየር ሲሻገር የሚፈጠር በመሆኑ በላሊበላ አየር በሩብ ያህል አድጎ 31 ይሆናል። ድምሩ 51 ዲግሪ ነው። አሁን የክፍሎቹን ሙቀት እንጨምር። 35 ዲግሪ በሆነ የጅቡቲ ክፍል ፕሮሰሰሩ 80 ዲግሪ ይደርሳል። 22 ዲግሪ በሆነ የላሊበላ ክፍል ግን 73 ዲግሪ ብቻ ነው። ደጋው ከጎዳው ይልቅ የካሰው በለጠ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ካሣ እንደ ብድር በቀላሉ የሚመለስ ነው። ያው ኮምፒዩተር ቆርቆሮ ክዳን ባለው፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጥና የክፍሉ ሙቀት 32 ዲግሪ ቢደርስ ፕሮሰሰሩ 83 ዲግሪ ይሆናል። ከጅቡቲው በለጠ። ስለዚህ የደጋ ሰው በቅዝቃዜው ተማምኖ ኮምፒዩተሩን በዝግ ቁምሳጥን ውስጥ ካስገባው ያለውን ብቸኛ ብልጫ በገዛ እጁ ይጥላል።

ለትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ደንብ የሚያወጡ መሐንዲሶችም ይህን ያሰሉታል። አሽሬ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ዝውውር መሐንዲሶች ማኅበር ለአንድ የተለመደ የሰርቨር ምድብ እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ የክፍል ሙቀት ይፈቅዳል። ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። ለላሊበላ ስናሰላው ጣሪያው ወደ 30 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በኢትዮጵያ የተስፋፉት የቢትኮይን ማዕከላት በሚገለገሉባቸው ዓይነት ማሽኖች መግለጫ ላይም ይኸው በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ የመቀነስ ደንብ ተጽፎ ይገኛል።

የክፍል ምርጫ እንግዲህ የማቀዝቀዣው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት ወደተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በቀትር የገባ ሰው የሚቀበለው ቅዝቃዜ ምንጩ የድንጋዩ ውፍረት ነው። ወፍራም ድንጋይ የሌሊቱን ብርድ ይዞ ያድራል፤ የቀኑንም ሙቀት ለመቀበል ይዘገያል። ክብ የሆኑት ባለ ደርብ የላስታ የድንጋይ ቤቶችም በዚሁ ጥበብ ይጠቀማሉ። የድንጋይ ግድግዳ ያለው የምድር ቤት ክፍል ካለ ለኮምፒዩተሩ ከቆርቆሮው ሥር ይልቅ እርሱ ይመረጣል።

የአየሩ መንገድ

ሦስት ማራገቢያዎች ተገኙ እንበል። የት ይቀመጡ? ደንቡ አንድ ነው፤ አየር መግቢያና መውጫ ያለው፣ በሙቀቱ ምንጮች ላይ የሚያልፍ ቀጥተኛ መንገድ ይኑረው። በተለመደው ሳጥን ሁለቱ ማራገቢያዎች ከፊት ለፊት አየር ያስገባሉ፤ አንዱ ከኋላ በላይኛው በኩል ያስወጣል። መግቢያውና መውጫው ጎን ለጎን ከሆኑ ቀዝቃዛው አየር ሥራ ሳይሠራ በአቋራጭ ይወጣል። ሳጥኑ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀም የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ በፊት በኩል ይገባል። ከኋላው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይተው።

«ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ማራገቢያ ባይኖርም ችግር የለም» የሚሉ አሉ። ትኩስ አየር በእርግጥ ይወጣል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ምን ያህል ነው? ግማሽ ሜትር ቁመት ባለው ሳጥን ውስጥ ያለ፣ ከውጭው በ13 ዲግሪ የሚበልጥ አየር የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት 0.2 ፓስካል ግድም ብቻ ነው። አንድ የተለመደ ማራገቢያ በባሕር ዳርቻ ከ10 እስከ 20 ፓስካል ይገፋል። በላሊበላ ሩቡ ቢቀነስበት እንኳ በአሥር እጥፎች ይበልጣል። ስለዚህ የማራገቢያው አቅጣጫ ከትኩስ አየር ተፈጥሯዊ ጉዞ ጋር ቢስማማ መልካም ነው፤ ባይስማማ ግን አሸናፊው ማራገቢያው ነው።

ገመዶችም በአየሩ መንገድ ላይ እንዳይንጠለጠሉ ከኋላ በኩል ታስረው ሊቀመጡ ይገባል። በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚደረገው ቅባት የማይታዩ ክፍተቶችን ለመሙላት ብቻ ስለሆነ በስሱ ይቀባል። ሲበዛ ራሱ መጋረጃ ይሆናል።

ውሃን በቱቦ የሚያዞሩ ማቀዝቀዣዎችስ ከከፍታው ያመልጣሉ? በከፊል ብቻ። ውሃው በዝግ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር የአየሩ መሳሳት አይነካውም። ሆኖም ውሃው የተሸከመውን ሙቀት የሚያራግፈው በራዲያተርና በማራገቢያ አማካይነት ወደዚያው ስስ አየር ነው። ቅብብሉ በአንድ ሯጭ ረዘመ እንጂ የመጨረሻው ተቀባይ አልተለወጠም።

ከሁሉም ርካሹ ማቀዝቀዣ ጨርሶ ያልተፈጠረ ሙቀት ነው። አንድ ቺፕ ትራንዚስተሮቹን ሲያበራና ሲያጠፋ የሚወስደው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይለዋወጣል። በመሆኑም ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀነስ ይህ ኃይል በ19 በመቶ ይወርዳል። ብዙ ካርዶች ቮልቴጃቸውን ወይም የኃይል ጣሪያቸውን በጥቂቱ ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል ሶፍትዌር አላቸው። ለዓይን ልዩነት ከሌለው በላይ ሥዕል በሴኮንድ እንዳይቀርብ መገደብም ይኸው ጥቅም አለው። ከፍታው የወሰደውን ሩብ በዚህ መንገድ ያለ አንዳች ወጪ አብዛኛውን ማስመለስ ይቻላል።

አቧራና ጭስ

በበጋው ወራት የላስታ መሬት ሲደርቅ ነፋሱ ደቃቅ አቧራ ያነሣል። በቤት ውስጥ ደግሞ የእንጨት ጭስና የዕጣን ጭስ አለ። አቧራ ብቻውን ቢሆን በብሩሽ ይራገፋል፤ ጭስ ግን ቅባትነት ያለው ነገር በክንፎቹ ላይ ስለሚያሳርፍ አቧራው ይጣበቃል። በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ በወራት ውስጥ እንደ ስሜት ጨርቅ ሊደፈን ይችላል። ያን ጊዜ ከላይ የሠራነው ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው።

መከላከያው ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ከሚወጣው እንዲበልጥ ማድረግ ነው። ሁለት ማራገቢያዎች ሲያስገቡ አንዱ ሲያስወጣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ጥቂት ከፍ ይላል። ከዚያም በየቀዳዳውና በየስንጥቁ አየር ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም። የሚገባው ሁሉ በሁለቱ ማራገቢያዎች በኩል ስለሆነ ማጣሪያው እዚያ ብቻ ይደረጋል። የተዘጋጀ ማጣሪያ ከሌለ ስስ የሴቶች ስቶኪንግ በአንድ ድርብ ቢወጠር ያገለግላል። ማጣሪያ ግን እንደ ወንፊት ካልተራገፈ ራሱ እንቅፋት ነውና በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ይጽዳ። ሳጥኑ ሲጸዳ ኤሌክትሪኩ ይነቀል፤ የማራገቢያው ክንፎች በጣት ተይዘው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጉ።

በፓወር ሰፕላይ ላይ ያለው ተራራ

በቻይና ገበያ ደንብ በተሠሩ አንዳንድ ቻርጀሮችና ፓወር ሰፕላዮች ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ቁጥር የያዘ ትንሽ ምልክት ይታያል። ትርጉሙ ዕቃው ለደኅንነት የተመረመረው ከ2,000 ሜትር በታች ለሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ሙቀት ብቻ አይደለም። አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው እንዳይዘል የሚከለክል መጋረጃም ነው፤ ይህን ግንኙነት ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 አጥንቶታል። አየሩ ሲሳሳ መጋረጃውም ይሳሳል። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ለ2,000 ሜትር በተሠራ ዕቃ ውስጥ ያሉ የአየር ክፍተቶች ዕቃው በ3,000 ሜትር ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ በ14 በመቶ መስፋት አለባቸው።

ላሊበላም አዲስ አበባም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ የሚገዛ የደጋ ሰው ዋቱን ብቻ ሳይሆን የከፍታውን ቁጥር ሊያነብ ይገባል። እስከ 5,000 ሜትር እንደሚሠሩ የተጻፈባቸው ይገኛሉ፤ የሚመረጡትም እነርሱ ናቸው። በሚሽከረከር ዲስክ የሚሠራ ሀርድ ዲስክም ተመሳሳይ ገደብ አለው። የዲስኩ አንባቢ ራስ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ስለሆነ ብዙ አምራቾች ከ3,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ባለ ከፍታ ላይ ወሰን ያደርጉለታል። ላሊበላ ከወሰኑ በታች ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ አናት ግን አይደለም። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ሥጋት የለበትም።

መጥኖ መሥራት

ይህን ሁሉ በቃል ከመቀበል ይልቅ መለካት ይሻላል። አንደኛ፣ የግድግዳ ቴርሞሜትር ከሳጥኑ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ይሰቀል። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ ከባድ ሥራ ይዞ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የፕሮሰሰሩና የካርዱ ሙቀት በሶፍትዌር ይነበብ። ሦስተኛ፣ ከዚህ ላይ የክፍሉ ሙቀት ይቀነስና ልዩነቱ በደብተር ይመዝገብ። ጓደኛሞች መወዳደር ያለባቸው በዚህ ልዩነት እንጂ በጥሬው ቁጥር አይደለም፤ የአንዱ ክፍል ከሌላው ሊሞቅ ይችላልና። ልዩነቱ ከወር ወር እያደገ ከመጣ አቧራው ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

የአየሩን መንገድ በዓይን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በየቤቱ የሚገኝ መሣሪያ አለ። በጥቂት ፍም ላይ አንዲት ፍንጣቂ ዕጣን አጭሶ፣ ከእሳቱ እየተጠነቀቀ ጭሱን ከመግቢያው ፊት ለጥቂት ሴኮንዶች መያዝ ነው። ጭሱ ተስቦ ከገባና ከኋላ ከወጣ መንገዱ ቀና ነው። ተመልሶ በጎን ከወጣ ወይም ከኋላ የወጣው ዞሮ ወደ ፊት ከመጣ የማራገቢያዎቹ አቀማመጥ መታረም አለበት።

ወጣታችን ሁለት ማራገቢያዎች ጨምሮ፣ ሳጥኑን ከቁምሳጥኑ አውጥቶ ከድንጋዩ ግድግዳ አንድ ስንዝር ቢያርቀው፣ የካርዱንም ቮልቴጅ ጥቂት ዝቅ ቢያደርግ ኮምፒዩተሩ ፍጥነቱን መልሶ ያገኛል። ከዚህ በላይ የሚተርፈው ግን ልማዱ ነው። በእጃችን የሚገቡት መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት አየሩ 1.2 ኪሎግራም በሚመዝንበት አገር ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን አይናገሩም፤ ለእነርሱ ሊነገር የሚገባው አይደለምና። በደጋ የሚኖር ተማሪ ስለ ሞተር፣ ስለ ምድጃ፣ ስለ ጄኔሬተር ወይም ስለ ኮምፒዩተር የተጻፈ ቁጥር ባገኘ ጊዜ ሁሉ «ይህ የተለካው በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅን ቢለምድ ብዙ ዕቃ፣ ብዙም ገንዘብ ያተርፋል። እናቶቻችን ባቄላውን ሲጥዱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።